ስለ ብስክሌትና ስለ ቁልቁለት፤ ዕድሜ ስለሚያስተምረው ጥንቃቄ

አቀበት የሰውን ጉልበት ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን አእምሮውን ይፈትናል። አቀበት የሚወጣ ሰው ደከመኝ ባለ ጊዜ ቆሞ ያርፋል፤ በቁልቁለት የሚወርድ ሰው ግን ልቁም ባለ ጊዜ ሁሉ መቆም አይቻለውም። ስለዚህ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንጽፍ ያሰብነው በብስክሌት ቁልቁለት ስለ መውረድ፣ ይልቁንም ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ በቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለ መሄዱ ነው። ነገሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት የሚገኝ ነገር ነው። አባት ፍሬን ይይዛል፤ ልጅ አባቱን አልፎ እየወረደ ይስቃል፤ እናት ከደጅ ቆማ ሁለቱን ትጠብቃለች። ከእነዚህ ከሦስቱ እውነቱ ከማን ዘንድ እንዳለ መመርመር ይገባል።

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች ከተማ መሆኗን ያያት ሁሉ ይመሰክራል። በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ መንገዶቿም ሰፋፊ፣ ግራና ቀኛቸው በዘንባባ የተጋረደ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በዚህች ከተማ ሠራተኛውም ተማሪውም፣ ነጋዴውም ጸሐፊውም በብስክሌት መመላለስን ልማድ አድርጎ ኖሯል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ርዝመቱ 380 ሜትር የሆነው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ከመኪናው መንገድ ጋራ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ስፍራ ተሰጥቶታል።

ነገር ግን ሜዳ መልካም አስተማሪ አይደለም። በሜዳ ላይ ብስክሌት የለመደ ሰው 20 ዓመት ሙሉ ሲነዳ ቢኖር ፍሬኑን አንድ ቀን እንኳ ከልቡ ሳይፈትነው ሊቀር ይችላል፤ መርገጫውን መርገጥ በተወ ጊዜ ብስክሌቱ በራሱ ይዘገያልና። የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ ቢያልቅ፣ ሽቦው ቢላላ፣ ቸርኬው ቢጣመም፣ ከገበያ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ጉዳቱ አይታወቀውም። የሚታወቀው ቁልቁለት በመጣ ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ በሜዳ ላይ ችላ የተባለው ፍሬን በቁልቁለት ላይ ይከዳል።

ቁልቁለቱም ሩቅ አይደለም። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ዓባይን ቁልቁል የሚያየው የቤዛዊት ኮረብታ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በዚያ ላይ ስለ ሆነ፣ ደግሞም ሐይቁና ወንዙ ከላይ ሲታዩ እጅግ የሚያምሩ ስለ ሆኑ፣ ሰው በዕረፍት ቀን ይወጣበታል። ጎረምሶች ብስክሌታቸውን እየገፉ ይወጡና ሲመለሱ እጃቸውን ከፍሬን አንሥተው ይወርዳሉ። ከዚህም የሚበልጥ ቁልቁለት የሚሻ ሰው ወደ ደብረ ታቦር ይሂድ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ በሐይቁ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ግን 1,800 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚመለስ ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ መንገድ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው።

ይህ 900 ሜትር ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ በቤት ዕቃ መስለን እንናገር። ሰውዬው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ቢመዝን፣ ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ለቡና ሊያደርስ የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ ኃይል የሚቀበሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፊት የሚመታው ነፋስ፣ ሁለተኛውም ፍሬን ነው ማለት ይቻላል። ሰው ፍሬኑን ሳይዝ ቢተወው፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ መርገጫውን አንዴም ሳይረግጥ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይደርሳል። ፍሬኑን ሳይለቅ ይዞ ቢወርድ ደግሞ ቸርኬው ይግላል፤ የፍሬኑ ጎማ ይበላል፤ እጁም ይዝላል። እንግዲህ ቁልቁለት መውረድ ራሱን የቻለ ጥበብ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ጎረምሳው የማያየውን፣ ዕድሜ የጠገበው ሰው ግን ሳይማረውም በልቡ የሚያውቀውን ሒሳብ እንግለጥ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ደግሞ 11 ሜትር ያልፋል። በፊቱ አንድ በግ ብቅ ቢልበት፣ ዓይኑ አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል እንበል። ከዚያ በኋላ ደኅና ፍሬን ያለው ብስክሌት በደረቅ ሜዳ ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ5 ሜትር ያህል ይቆማል፤ ከ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን በ10 ሜትር አይቆምም፤ 20 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። ሁለቱ ሲደመሩ የመጀመሪያው በ11 ሜትር ገደማ ሲቆም፣ ሁለተኛው 31 ሜትር ይሄዳል። ይህም በሜዳ ላይ ነው። በዚያው በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርደው መንገድ ላይ ከፍሬኑ ኃይል ሩብ ያህሉን ቁልቁለቱ ራሱ ይበላዋል፤ ስለዚህ 20 ሜትር የነበረው ወደ 27 ሜትር ይደርሳል። በጉ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

ደግሞ በሌላ መንገድ እንመልከተው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከግንብ ጋራ መላተም ከ1 ሜትር ተኩል በጥቂት ከሚበልጥ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ ይህም ከሰው ቁመት ያነሰ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ6 ሜትር ከፍታ፣ ማለት ከአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ እንደ መውደቅ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን ከ14 ሜትር ከፍታ ነው። ከፎቅ ጣሪያ ላይ ዝለል ቢባል እንቢ የሚል ልጅ፣ ይህንኑ ከፍታ በብስክሌት ላይ ተቀምጦ ሲጫወትበት ይውላል፤ ከፍታውን በዓይኑ አያየውምና።

እንግዲህ አባቱ ፍሬን መያዙ ስለ ምንድር ነው? አንዳንዱ ፈራ ይላል፤ አንዳንዱም አረጀ ይላል። እኛም ዕድሜያችን ከ40 ካለፈ ወዲህ በቁልቁለት ላይ እጃችን ወደ ፍሬኑ እየቀረበ መሄዱን እናያለን። ወድቀን ተሰብረን አይደለም። ነገር ግን ሰው ሲበስል ሦስት ነገሮች ይለወጡበታል። የመጀመሪያው ሰውነቱ ነው፤ የ20 ዓመት ጎረምሳ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ የ45 ዓመት ሰው ግን አጥንቱ ቢሰበር ለመጠገን ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዓይኑና እጁም እንደ ቀድሞው ፈጥነው አይስማሙም። ሁለተኛው ዕውቀቱ ነው፤ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ሳያየው ያስበዋል፤ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ የቆመ ባጃጅ፣ ጎርፍ ያወረደው ጠጠር ይታየዋል፤ ልጁ ግን መንገዱን ባዶ አድርጎ ያስባል። ሦስተኛውም ቤቱ ነው፤ ጎረምሳ ሲወርድ አንድ ራሱን ይዞ ይወርዳል፤ ባለ ትዳር ግን ሚስቱንና ልጆቹን፣ የሚጦራቸውንም ወላጆቹን በጀርባው አዝሎ ይወርዳል። ይህን ያህል ጭነት ያለው ሰው ቀስ ቢል ምን ያስገርማል?

ይህም ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ አቀበቱን ተቀምጠው ይወጡ ነበር፤ ቁልቁለቱ የጸና እንደ ሆነ ግን ወርደው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ኮርቻውም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት በበቅሎዪቱ ጅራት ሥር የሚያልፍ ጠፍር ይታሰርለት ነበር። በጦር ሜዳ ስሙ የተጠራ መኰንን ከገደል አፋፍ ላይ ከበቅሎው ቢወርድ ፈሪ ነው ያለው ማንም አልነበረም፤ አዋቂ ነው ይባል ነበር እንጂ። እንግዲህ ከበቅሎ መውረድ ክብር ከሆነ፣ የብስክሌት ፍሬን መያዝ ስለ ምን ነውር ይሆናል?

ከዚሁ ከደብረ ታቦር አገርም ታላቅ ምሳሌ እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጐትተው ወስደዋል። በመካከሉ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ስለ ነበሩ፣ መድፉ በመንኰራኵር ቁልቁል እንዲወርድ ገደሉ እየተናደ መንገድ ይሠራለት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በድፍረት የሚታሙ ሰው አልነበሩም፤ ሆኖም ያን መንኰራኵር በገደል ላይ እንዳሻው ይውረድ ብለው አልለቀቁትም። ሸክም ያለበት መንኰራኵር በቁልቁለት ላይ ገዢ ያስፈልገዋል።

የጣና ታንከኞችም በበኩላቸው ያስተምሩናል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የሚያመላልስ ሰው፣ ሐይቁ በማለዳ ጸጥ እንደሚል፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ አዋቂው በጧት ይነሣል፤ ዳር ዳሩንም ይዞ ይሄዳል። ወጣቱ ታንከኛ መካከሉን አቋርጦ ቀድሞ ልግባ ይላል። በሐይቁ ዳር ለብዙ ዘመን ሲቀዝፍ የኖረ ሽማግሌ ቢታይ፣ ለዚያ ዕድሜ የበቃው ማዕበሉን ንቆ ሳይሆን አክብሮ ነው።

ወደ ሠለጠኑት የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ብንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የብስክሌት ውድድር ለአገራችን የቆየ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባች ጊዜ ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ በመንገድ ውድድርም በቡድን 9ኛ ሆነዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚህ ዓይነት ውድድር ከተራራ ቁልቁል መውረድ ከሁሉ የሚያስፈራው ክፍል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካዛርቴሊ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው፣ በፈረንሳይ ዙር በፒሬኔ ተራሮች ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሞተ። ማኅበሩም ተወዳዳሪዎች ሁሉ የራስ ቁር እንዲደፉ በግድ ያዘዘው ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2003 ነበር። በ2021 ደግሞ በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ ተጎንብሶ መውረድ ተከለከለ። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ስዊሳዊው ጂኖ ሜደር በአገሩ ዙር ውድድር ከአልቡላ ተራራ ሲወርድ ከመንገድ ወጥቶ ወደቀ፤ በማግሥቱም በ26 ዓመቱ ሞተ። ሥራቸው ብስክሌት የሆነ፣ ፍሬናቸውም የተመረመረ፣ መንገዱም ከመኪና የጸዳላቸው ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ እኛማ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል!

ነገር ግን ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ሌላ የሚያጽናና ታሪክ አለ። ቲቦ ፒኖ የተባለው ፈረንሳዊ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በፈረንሳይ ዙር ሳለ፣ ቁልቁለት እንደሚያስፈራው ለአገር ሁሉ በግልጥ ተናገረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህን መናገር ከመውረድ ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል። ይኸው ሰው በሚከተለው ዓመት በዚያው ውድድር ከሁሉ 3ኛ ሆነ። ፍርሃቱን የደበቀ ሰው ፍርሃቱ በመታጠፊያ ላይ ይዞ ይጥለዋል፤ ያወቀውና የተናገረው ግን ሊማርበት ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄንና ፍርሃትን መለየት ያስፈልጋል። ፍርሃት ክንድን ያደርቃል፤ ዓይንንም ከጉድጓዱ ላይ ይተክላል፤ ሰውም ዓይኑ ወደ ተተከለበት ይሄዳል። ፈሪ ሰው በመታጠፊያው መካከል በድንገት ፍሬን ጨምድዶ ይይዛል፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ጥንቃቄ ግን ከመታጠፊያው በፊት ያስባል፤ በፊት ይዘገያል፤ በውስጡም ዘና ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሰው በቁልቁለት ላይ ልቡ ሲመታ ባወቀ ጊዜ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ቢሄድ ይሻለዋል እንጂ እየተንቀጠቀጠ አይውረድ።

ከዚህ ቀጥሎ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅመውን ምክር በተራ እንጽፋለን።

1ኛ፤ ወደ ቁልቁለት ከመግባት በፊት ፍሬን ይፈተን። ብስክሌቱን አቁሞ የፊቱን ፍሬን ይዞ ወደ ፊት፣ የኋላውን ይዞ ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ጎማው ከተንከባለለ ፍሬኑ አልያዘም። ጎማው በነፋስ የተሞላ፣ መሪውም ያልላላ መሆኑ ይታይ።

2ኛ፤ ልብስ ይሰብሰብ። ኩታና ነጠላ በጎማ ወይም በሰንሰለት ሲጠመጠም ሰውን ከነብስክሌቱ ይጥላል። ወገብን መታጠቅ፣ የሱሪንም ጫፍ ማሰር ይገባል።

3ኛ፤ ጭነት ይቀነስ። በኋላ መቀመጫ ላይ ከረጢት ወይም ሰው ተጭኖ ሲወረድ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፤ መሪውም ይወዛወዛል። ሕፃን በፊት ብረት ላይ አስቀምጦ ቁልቁለት መውረድ ፈጽሞ አይገባም።

4ኛ፤ ሁለቱም ፍሬኖች አብረው ይያዙ። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ነገር ግን በድንገት ቢጨመደድ ሰውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥላል። ስለዚህ በዝግታ እየጨመሩ መያዝ፣ ሰውነትንም ወደ ኋላ ዝቅ ማድረግ ነው።

5ኛ፤ ፍሬን ሳይለቁ ይዞ ከመውረድ ይልቅ፣ ጥቂት ይዞ ጥቂት መልቀቅ ይሻላል፤ ቸርኬውም እጅም ያርፋሉና። ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በመካከሉ ቆሞ ቢያርፍ አይጎዳም።

6ኛ፤ ዝናም በዘነመ ጊዜ ቁልቁለት አይደፈር። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ሲርስ ጎማው ይንሸራተታል፤ ይልቁንም ቸርኬያቸው የሚያብረቀርቅ ብረት የሆነ አሮጌ ብስክሌቶች በረጠቡ ጊዜ ፍሬናቸው እጅግ ይደክማል። በደረቅ መንገድ ላይ የታመነው ፍሬን በእርጥብ መንገድ ላይ አይታመን።

7ኛ፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ ወይም መኪናውን በእጅ ይዞ መሄድ ከቶ አይገባም። መኪናው የሚቆመው ብስክሌተኛው ሳያውቀው ነው።

8ኛ፤ የራስ ቁር ይደፋ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው የመረመሩ ሰዎች እንዳገኙት፣ በአደጋ ጊዜ የራስ ቁር በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በግማሽ ያህል፣ ጽኑውን ጉዳት ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። የጦር ሰው በጥንት ዘመን ራሱን ሳይከልል ወደ ሰልፍ አይገባም ነበር፤ በየዓመቱ በዓለም መንገዶች ላይ 1 ሚሊዮን ከ190 ሺሕ ያህል ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ጽሑፍ ተመልክቷል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። መንገድ የሰልፍ ስፍራ ያህል ሰው የሚወድቅበት ከሆነ፣ ራስን መከለል ምን ያሳፍራል?

በችሎት አጠገብ ተቀምጠን የሰው ቃል መጻፍ ሥራችን እንደ መሆኑ፣ አንድ ቃል እጅግ ተደጋግሞ እንሰማለን፤ ይኸውም «በድንገት ነው» የሚለው ነው። ነገር ግን ጠያቂው ነገሩን እየመረመረ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ድንገት የተባለው ነገር ምክንያት ያለው ሆኖ ይገኛል፤ ፍሬኑ ከወር በፊት ላልቶ ነበር፤ መንገዱ እርጥብ ነበር፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋራ ተወራርዶ ነበር። አባቶችም ይህን እንዲያስተውሉ እንወዳለን፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2124፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሌላ ሰው ላይ ስላደረሰው ጉዳት አባቱ ኀላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ከኮረብታ ላይ የሚወርደው ልጅ ብቻውን አይደለም፤ የአባቱን ንብረትና ስም ይዞ ይወርዳል። ከታች በመንገዱ ዳር ውሃ ቀድታ የምትሄደው አሮጊትም የሰው እናት ናት። ራሱን ለመጣል መብት አለኝ የሚል ጎረምሳ ቢኖር እንኳ፣ እርስዋን ለመጣል መብት የለውም።

ለልጆች ግን መከልከል ብቻ አይበቃም። ቤዛዊትን እንዳትወጣ የተባለ ልጅ አባቱ ሥራ በሄደ ቀን ይወጣዋል። ይልቁንስ አባት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮት ይሂድና ቁልቁለቱን ከፍሎ ያስተምረው። በመጀመሪያው ቀን ከታች ካለው ጥቂት ክፍል ብቻ ይውረድ፤ በመካከሉም ከተመለከተለት ምልክት ላይ እንዲቆም ይታዘዝ። ከምልክቱ አልፎ የቆመ እንደ ሆነ ምን ያህል እንዳለፈ በእርምጃ ይቁጠረው። በሁለተኛው ጊዜ ፍጥነቱን ጨምሮ ይሞክር፤ የመቆሚያው ርቀት እንዴት እንደ ረዘመ በራሱ እግር ሲለካው፣ ከአባቱ ተግሣጽ ይልቅ ይህ ይገባዋል። እንዲህ እየተማረ ወደ ላይኛው ክፍል ይውጣ። ለሴቶች ልጆችም ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ብስክሌት መንዳት ለወንድ ብቻ የተሰጠ አይደለምና፣ ልጃገረድ ሜዳውን ብቻ ተምራ ለቁልቁለቱ ሳትዘጋጅ ልትተው አይገባም።

ለጎረምሶችም አንድ ቃል አለን። ቁልቁለት የሚሰጠው ደስታ ሐሰት ነው አንልም። ነፋሱ ፊትን ሲመታ፣ ሐይቁ ከሩቅ ሲያበራ፣ ጉልበት ሳያወጡ እንደ ወፍ መብረር፣ ይህን ያላየ የለም፤ ያየውም አይረሳውም። ነገር ግን ቁልቁለት የሰጠውን ፍጥነት ጀግንነት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ያ ፍጥነት የኮረብታው ነው እንጂ የነጂው አይደለም። ድንጋይም ከኮረብታ ቢለቀቅ ይወርዳል። የሰውነት ማዕረግ የሚታየው በሚፈለገው ስፍራ ላይ መቆም በመቻል ነው።

አባቶችም ልጆቻችሁ ቢስቁባችሁ አትቈጡ። ፈሪ ለእናቱ የሚለው ተረት ለንቀት የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ለእናቱ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ማታ በሰላም የሚገባ ሰው ምን ጐደለው? ዛሬ የሚስቀው ልጅ እርሱም አንድ ቀን የራሱን ሕፃን በቤት ትቶ ከቤዛዊት ራስ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዝዘው እጁ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲደርስ ግን ፍሬኑን ዛሬ የሚመረምርለት፣ ልኩንም የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ሳምንት ማረፊያ በምታገኙበት ሰዓት በግቢያችሁ የቆመውን ብስክሌት ከልጃችሁ ጋራ ሆናችሁ አንድ ጊዜ እንድትፈትኑት እንለምናችኋለን፤ የተበላውን የፍሬን ጎማ መለወጫው ዋጋ ጥቂት ነው፤ ሳይለወጥ ቢቀር የሚከፈለው ግን አይቈጠርም።